መልስ አትስጠኝ፣ መጽሐፉን መልስ

«መጽሐፉ ዶርም ነው ያለው።»

ዶርም መሆኑንማ ሸልፉ ነግሮናል፤ ባዶ ነው። የተጠየቅከው ያለበትን ቦታ አይደለም፤ እስካሁን ያልመጣበትን ምክንያት ነው።

«ረስቼው ነው።»

የፋይናሉን ቀን አልረሳህም። ካፌ የሚከፈትበትን ሰዓት አልረሳህም። የመመለሻው ቀን መጽሐፉ ውስጥ በማህተም ተመትቶልሃል። ገልጠኸው ቢሆን ኖሮ ታየው ነበር፤ ካልገለጥከው ደግሞ ለምን ወሰድከው?

«ማንም አልጠየቀውም እኮ!»

በምን አወቅህ? የጠየቀው ልጅ የሄደው ሰርኩሌሽን ነው እንጂ አንተ አልጋ ሥር አይደለም። ካታሎጉ አለ አለው፣ ሸልፉ የለም አለው፤ በሁለቱ መሐል ሲመላለስ ሚዱ ደረሰበት።

«አንድ መጽሐፍ ምን ያመጣል?»

እንቁጠረው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ነው እንበል። መምህሩ ያዘዘው ቴክስት ቡክ ላይብረሪ ውስጥ 3 ኮፒ አለው፤ የውሰቱ ጊዜ 2 ሳምንት፣ ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ነው። አንዱ ኮፒ በየ2 ሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ ቢያልፍ 8 ሰው ያነበዋል፤ ሦስቱ ኮፒዎች 24 ሰው ያዳርሳሉ። ድሮም 36ቱ አልደረሳቸውም። አሁን አንተ አንዱን ኮፒ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ፋይናል ይዘህ ተቀመጥክ፤ 24 የነበረው 17 ሆነ። ምን ያመጣል ብለሃል፤ ያመጣው ይኸው ነው፦ ተራውን ያጣ 7 ሰው። ከ7ቱ አንዱ ክፍል ውስጥ አጠገብህ የሚቀመጠው ልጅ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፍ ያቆየ ተማሪ መልስ አያጣም። ከዶርም እስከ ላይብረሪው በር ባለችው መንገድ ሦስት አራት ሰበብ አዘጋጅቶ ይደርሳል። ግቢ ውስጥ የኖረ ሁሉ ሰበቦቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ከዓመት ዓመት ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ለእያንዳንዳቸው የሚገባቸውን መልስ ልሰጥ ተነስቻለሁ። የምለው ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ነገር ነው፤ የዘገየ መጽሐፍ ዕዳው ለላይብረሪው አይደለም፣ ቀጥሎ ለሚያነበው ሰው ነው። ቅጣቱም፣ እገዳውም፣ ክሊራንሱም ለዚያ ሰው የቆሙ ጠበቆች ናቸው።

«ችግር የለም፣ ቅጣቱን እከፍላለሁ።»

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቅጣት ኪራይ መስሎሃል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመዋል። በእስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ ውስጥ በሚገኙ 10 የሕፃናት ማቆያዎች አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ እየዘገዩ ይመጡ ነበር። በ6ቱ ማቆያዎች ለሚዘገይ ሰው 10 ሸቀል ቅጣት ተደነገገ። የዘገዩት ቁጥር ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ጨመረ፤ እጥፍ ገደማ ደረሰ። ቀድሞ ሞግዚቷን ላለማስመሸት ይሮጡ የነበሩ ሰዎች፣ ሒሳብ ከከፈሉ በኋላ ምን ያስቸኩለናል አሉ። ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ቀድሞ ጠባያቸው አልተመለሱም። «እከፍላለሁ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ያለው ነገር ይኸው ነው፤ ይሉኝታህን በሳንቲም ሸጠሃል። የሸጥከውን ይሉኝታ መልሶ መግዛት ደግሞ መጽሐፍ ከመግዛት ይከብዳል።

ሪዘርቭ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሪዘርቭ የሚቀመጠው መጽሐፍ ፈላጊው የበዛ፣ ኮፒው ያነሰ ነው። እዚያው ለሰዓታት ይነበባል፤ ቢወጣም ማታ ላይብረሪው ሲዘጋ ወጥቶ ጠዋት ሲከፈት መግባት አለበት። ለዚህ ነው በብዙ ቦታ ቅጣቱ በሰዓት የሚቆጠረው።

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የዘገየሁት!»

ፈተናውም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

«ታዲያ ሌላ መጽሐፍ ለምን ትከለክሉኛላችሁ?»

ስለከለከልክ። የያዝከውን ለባለተራው ልቀቅለት፣ ካርድህም ይለቀቅልሃል።

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ አንተ ምን አገባህ?»

እንዴት አያገባኝም! የመንግሥት ያልከው መጽሐፍ የተገዛው ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ ጠዋት በቆሎ ጠብሳ የምትሸጠው ሴትዮ ከዘይትና ከሳሙና ላይ የከፈለችው ግብር አለበት። እሷ መጽሐፉን አታነበውም፤ ልጇ እንዲያነበው ነው የከፈለችው። ላይብረሪ ዕቁብ ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወስዶ መጣሉን ቢያቆም፣ ጎረቤት የሚያወጣለትን ስም ታውቀዋለህ። አንተም ዕጣህ ወጥቶልሃል፤ አንብበሃል። አሁን ጣል።

«ዛሬ ሁሉም ነገር ፒዲኤፍ ነው፤ መጽሐፉን ማን ይፈልገዋል?»

ፒዲኤፉ ካለህ መጽሐፉን ለምን ያዝከው? በቴሌግራም የሚዞረው ፋይል ስልኩ ለተሰበረበት፣ ላፕቶፕ ለሌለው፣ በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ስድስት መቶ ገጽ ለማንበብ ዓይኑ እንቢ ላለው አይሆንም። በዚያ ላይ ፒዲኤፉ የሌለ መጽሐፍ ሞልቷል። በተለይ በአማርኛ የተጻፉት፣ በተለይ የቆዩት። እነሱን ወስዶ ማስቀረት ማለት ከዩኒቨርሲቲው ፈጽሞ ማጥፋት ነው።

እዚህ ላይ ነው «ጠፋብኝ» የሚለው የሚመጣው።

«ጠፋብኝ፤ ዋጋውን ልክፈልና እንላቀቅ።»

የቱን ዋጋ? መዝገቡ ላይ የሰፈረው የተገዛበት ዋጋ ነው፤ አሁን የሚገዛበት ሌላ ነው። ከውጭ የሚመጣ 60 ዶላር የሚያወጣ ቴክስት ቡክ አስብ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ በ57 ብር ገደማ ነበርና መጽሐፉ 3,420 ብር ያህል ይሆናል። በወራት ውስጥ ዶላሩ 120 ሲገባ ያው መጽሐፍ 7,200 ብር ሆነ። ይህ ማጓጓዣው ሳይታሰብ ነው። የምንዛሪ ጥያቄ አቅርቦ፣ ግዢ አስፈቅዶ፣ ጨረታ አውጥቶ እስኪገባ ደግሞ አንድ ባች ተመርቆ ይወጣል። አንተ የምትከፍለው ገንዘብ ለገንዘብ ያዥ ይገባል እንጂ ሸልፉ ላይ አይቆምም። ደንቡ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ እትም ወይም ከዚያ የተሻለውን ገዝተህ ተካ የሚለው ለዚህ ነው። ዋጋው የሚጠየቀው መጽሐፉ ታጥቶ ነው፤ ሲጠየቅም ከነጭማሪው ነው።

«እሺ፣ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ላስጠርዝ?»

መጽሐፉ ከጠፋብህ ኮፒውን ከምን ታነሳዋለህ?

ገበያ ወጥቶ መፈለግም አለ። በደርግ ዘመን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመ፣ ዳግም ያልታተመ መጽሐፍ ያጣ ተማሪ አሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ ቢሄድ ሊያገኘው ይችል ይሆናል፤ ነጋዴው የሚጠራውን ይከፍላል። ያን ጊዜ ሽፋኑን ገልጦ የመጀመሪያውን ገጽ ይመልከት። የሌላ ዩኒቨርሲቲ ማህተም ታትሞበት ካገኘው፣ አንዱን ላይብረሪ ለማሟላት ሌላውን የዘረፈ እጅ ውስጥ መግባቱ ነው። ባለማህተም መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ባይኖር የሚሸጥም አይኖርም።

እትሙን ፈልጎ መተካት እንደሚቻል ግን በታሪክ የታየ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት በሆኑበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1789፣ ከኒው ዮርክ ሶሳይቲ ላይብረሪ ስለ መንግሥታት ሕግ የሚናገረውን የቫቴልን መጽሐፍ ተዋሱ፤ ሳይመልሱ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማውንት ቨርነን የሚገኘውን መኖሪያቸውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች የዚያኑ እትም ሌላ ቅጂ ፈልገው ለላይብረሪው አስረከቡ። 221 ዓመት አልፎ እንኳ ዕዳው ዕዳ ነው ያሉት ባለዕዳዎቹ ራሳቸው ናቸው። ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ ይቅርላቸው አላሉም።

«እንዲህማ ከሆነ 288 ዓመት ያቆየም አለ፣ አንድ ሳንቲም አልተቀጣም!»

አለ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከሲድኒ ሰሴክስ ኮሌጅ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የሮበርት ዋልፖል አባት በ17ኛው መቶ ዘመን የተዋሱት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው የተመለሰው። ታሪክ ጸሐፊው ጆን ፕላም በአንድ ባላባት ቤት መጻሕፍት መካከል አግኝተው ወደ ኮሌጁ አመጡት። ቅጣት አልተጠየቀም፤ ማንን ይጠይቁ? አንተ ግን በሕይወት አለህ፣ ስምህም ዝርዝሩ ላይ አለ።

«የሃርቫርዱንስ ምን ትላለህ? የዳነው ስለዘገየ አይደል?»

ይህቺን ነጥብ የሚያነሳ ልጅ ማንበቡን አደንቅለታለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አላነበባትም። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1764 ሌሊት የሃርቫርድ ላይብረሪ ተቃጠለ። ከ5,000 ገደማ መጻሕፍት የተረፉት ወደ 400 የሚሆኑት ብቻ ናቸው፤ ወይ ሰው ተውሷቸው፣ ወይ ከነማሸጊያቸው ሌላ ቦታ ተቀምጠው የነበሩ። ኮሌጁ ስሙን ካገኘበት ከጆን ሃርቫርድ የኑዛዜ ስጦታ ውስጥ ተረፈ የሚባለው የጆን ዳውናም መጽሐፍም በአንድ ተማሪ እጅ ነበር፤ መመለሻው ቀን አልፎበታል። ተማሪው ሲመልሰው ተባረረ የሚለው ወሬ በሰነድ የተደገፈ አይደለም። እውነቱ ሌላ ነው፤ ያንን መጽሐፍ ዛሬ የምናውቀው ስለዘገየ ሳይሆን ተማሪው ስለመለሰው ነው። ከእሳት አውጥቶ ዶርም ቢያስቀረው ኖሮ ከተቃጠሉት በምን ይለያል?

ሥልጣን ላይ ለሚመካም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1645 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ከኦክስፎርዱ ቦድሊያን ላይብረሪ መጽሐፍ እንዲላክላቸው ጠየቁ። የላይብረሪው ኃላፊ ጆን ራውስ መጽሐፉን ሳይሆን ደንቡን ላኩላቸው፤ ደንቡ መጽሐፍ ከቤቱ እንዳይወጣ ይከለክላል። ንጉሡም ተቀበሉ። እዚያው አገር በጦርነት መሐል ንጉሥ ለላይብረሪ ደንብ ከተገዛ፣ የተማሪዎች ኅብረት ተወካይ ወይም የዲፓርትመንት ኃላፊ አይገዛም የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ኃላፊዎችና መምህራን ከመጣን፣ ለእነሱ ያለኝ ቃል ከተማሪው የጠነከረ ነው።

«እኔ መምህር ነኝ።»

እንግዲያው መጽሐፉን አንብቡ ብለው ኮርስ አውትላይኑ ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት! ተማሪው ላይብረሪ ሄዶ ያጣው፣ ብቸኛው ኮፒ ቢሮዎ ሸልፍ ላይ ስላለ ነው።

«ለምርምር ይዤው ነው።»

ምርምርዎ ሲታተም ተማሪዎ የጠቀሱትን ምንጭ ላመሳክር ቢል የት ያግኘው? መምህር ከተማሪ የበለጠ መጽሐፍ፣ ለበለጠ ጊዜ እንዲዋስ የተፈቀደለት ለማስተማር ነው። ያ ፈቃድ ሴሚስተር ሲያልቅ ያልቃል። ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ሲሄዱ መጻሕፍቱን ሳይመልሱ የሚሄዱ አሉ፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ በዚያው ይቀራሉ። የሚቀጣቸው የለም፤ ክሊራንስ የሚጠይቃቸውም የለም። ተማሪው ለአንድ መጽሐፍ ዲግሪው ሲያዝበት መምህሩ ሙሉ ካርቶን ይዞ የሚሄድበት ግቢ ውስጥ፣ ተማሪውን «ኃላፊነት ተማር» ማለት ያሳፍራል። ቅጣት ከላይ ይጀመር።

አሁን ክሊራንስ።

የተመረቀ ሁሉ ያውቀዋል። ጋዋኑ ተከራይቷል፣ ፎቶው ተነስቷል፣ መጽሔቱ ላይ የሚወጣው ጥቅስ ተመርጧል። ከዚያ ያቺ ወረቀት ትመጣለች። ፕሮክተሩ ፍራሽና ቁልፍ ተረክቦ ይፈርማል፤ ካፌው የምግብ ካርዱን ተቀብሎ ይፈርማል፤ ስፖርት ክፍሉ ማሊያ አለመያዝህን አይቶ ይፈርማል፤ ላቦራቶሪውም፣ ዲፓርትመንቱም ይፈርማሉ። ላይብረሪው ጋ ሰልፉ ይቆማል። ስም ይፈለጋል፤ ስምህ ቀይ ነው። ያቺ ፊርማ ከሌለች ሬጅስትራር አይፈርምም፤ ሬጅስትራር ካልፈረመ ቴምፖራሪ የለም፤ ቴምፖራሪ ከሌለ «ዲግሪውን ይዘህ ና» ያለህ መሥሪያ ቤት ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። ትራንስክሪፕትም እንደዚያው ነው፤ ለማስተርስ የምታመለክትበት ቀን አይጠብቅህም።

«4 ዓመት ተምሬ በአንድ መጽሐፍ ልያዝ?»

4 ዓመት የተማርከው በማን መጽሐፍ ነው?

«ለጓደኛዬ ሰጥቼው ነው።»

ላይብረሪው ለአንተ ነው የሰጠው። ማህተሙ ሲመታ፣ መታወቂያህ ሲታይ፣ ስምህ ሲጻፍ ጓደኛህ እዚያ አልነበረም።

«እሱማ አምና ተመረቀ!»

ያለችግር የተመረቀው በአንተ ስም ስለያዘው ነዋ። የእሱን ክሊራንስ አንተ ከፈልክለት።

«እናትና አባቴ ከገጠር መጥተዋል፤ ምን ልበላቸው?»

ይህ ከሁሉም ሰበብ ይከብዳል፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ነጠላዋን አውጥታ ለብሳ የመጣችን እናት ማን ያሳዝናል? እኔም አላሳዝናትም። ግን ያንን መጽሐፍ ፈልጎ ያጣው ልጅም እናት አለችው። እሱ ኮርሱ ወድቆበት በክረምት ሲደግም፣ እናቱ የዘንድሮውን ምረቃ እየናፈቀች ቤቷ ቀርታ ሊሆን ይችላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በክሊራንስ ሳምንት የሚደረገውን አይቼዋለሁ፦ ወደ አገሩ የሄደን ጓደኛ በስልክ መማጸን፣ ለላይብረሪ ሠራተኛ ጉቦ ልስጥ እስከማለት መድረስ፣ ከሌላ ተማሪ ቦርሳ ተመሳሳዩን መጽሐፍ ሰርቆ ማስገባት። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው። አንዱን ስም ከቀይ ለማውጣት ሌላውን ቀይ ያደርጋል፤ ያ ሌላው ደግሞ ምንም አላጠፋም።

እስካሁን የተናገርኩት ለተዋሰው ነው። ለአዋሹም አለኝ።

«ማስታወቂያ ለጥፈናል» ይላል ላይብረሪው።

የት? መጽሐፍ ያልመለሰ ተማሪ የማይመጣበት በር ላይ! ስልክ ቁጥሩ መዝገባችሁ ውስጥ አለ፤ የመመለሻው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩለት። ባለፈ በሳምንቱ ሁለተኛ ላኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አንድ ተማሪ በሁለተኛ ዓመት የወሰደውን መጽሐፍ በአራተኛ ዓመት ክሊራንስ ላይ «አለብህ» ማለት ቁጥጥር አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸልፉ ባዶ ሲሆን አላያችሁም ማለት ነው። ሁለቱ ዓመት ያለፈው በተራ ጠባቂው ላይ ነው።

«ቅጣቱን ብናሳድገው ይፈራሉ።»

የሃይፋ ወላጆች አልፈሩም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የቺካጎ የሕዝብ ላይብረሪ የመዘግየት ቅጣትን ጨርሶ ሲያነሳ ጠፍተው የነበሩ መጻሕፍት ተግተልትለው መጡ፤ በተከታዮቹ ሳምንታት የተመለሱት ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኑ። ሃርቫርድም በዚያው ዓመት በመደበኛ ውሰት ላይ ይጥለው የነበረውን የ50 ሳንቲም የቀን ቅጣት አቆመ። መጽሐፉን ያጠፋ ግን ዛሬም ይተካል። እኔም የምደግፈው ይህንን ነው። ቅጣቱ ሲከማች ድሃው ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ለመምጣት ይፈራል፤ ሀብታሙ ደግሞ ከፍሎ ያቆየዋል፤ በሁለቱም በኩል መጽሐፉ አልመጣም። የቀኑን ሳንቲም ተዉት፤ መጽሐፉን አትተዉ። ያልመለሰ አይዋስ፣ ያልመለሰ አይመረቅ፣ የመለሰ ግን ሳይሳቀቅ ይግባ። በዓመት አንድ ሳምንት የምሕረት ሳምንት ይታወጅ፤ ማንም የትኛውንም መጽሐፍ ያለ ጥያቄ ያስረክብ።

በእጁ ያልሆነ ነገር የያዘውንም ለዩልን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ተማሪዎች በጥድፊያ ወደየቤታቸው ተላኩ፤ መጽሐፍ በሻንጣ፣ መጽሐፍ በፌስታል ሄደ። ከዚያ በኋላም ጦርነት ከግቢው ያፈናቀለው ተማሪ አለ። ለእነዚህ «ስንት ቀን ዘገየህ?» ብሎ ካልኩሌተር ማውጣት ነውር ነው። እንኳን በሰላም መጣህ ብሎ መጽሐፉን መቀበል ነው።

አንድ የቀረ ሰበብ አለ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

«አበሻ መጽሐፍ መመለስ አያውቅም፤ ባህላችን ነው።»

ውሸት ነው! የብራና መጻሕፍታችንን መጨረሻ ገጽ ግለጥ። መጽሐፉን የሰረቀ፣ የባለቤቱን ስም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ታገኛለህ። አባቶቻችን ለአንድ መጽሐፍ ብዙ ፍየል አርደው፣ ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ለዓመት ጎንበስ ብለው ጽፈዋል፤ ስለዚህ መጽሐፍ ወስዶ ማስቀረትን በቀን ሳንቲም አልመዘኑትም፣ በነፍስ መዘኑት።

የተወሰደን መጽሐፍ መጠየቅም የእኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከሰበረ በኋላ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ፤ ያ መጽሐፍ ከሌለ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው አስረዱ። የሙዚየሙ ባለአደራዎችም አንዱን ቅጂ በዚያው ዓመት መለሱ። የቀሩት እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው፤ እስከ ዛሬም እንጠይቃለን፣ መጠየቅም ይገባናል። በጦር የተወሰደብንን መልሱ የምንል ሰዎች፣ በመታወቂያ የተዋስነውን ዶርም አስቀምጠን መጠየቅ አንችልም። ለንደን ያለው ባለሥልጣን አንድ ቀን ዞሮ «የእናንተ ላይብረሪ መጻሕፍትስ የት ናቸው?» ቢለን ምን እንመልስለታለን? አልጋ ሥር ናቸው እንበለው?

አሁን ተነስና መደርደሪያህን እይ፤ ሻንጣውንም፣ የእናትህን ቤት ሣጥንም። የዩኒቨርሲቲ ማህተም ያለበት መጽሐፍ ካገኘህ ነገ ጠዋት ይዘኸው ሂድ። ከተመረቅህ ቆይተህ ከሆነም ሂድ። ሌላ ከተማ ካለህ እዚያው ግቢ ለሚማር ታናሽህ ላክለት፣ ካልሆነም በፖስታ ላከው። ዴስኩ ላይ ያለችው ሴት ለምን ቆየ ብላ ብትጠይቅህ ሰበብ አትደርድርላት፤ መጽሐፉን አስረክባት። ተራ የሚጠብቅ ተማሪ አለ።